ጉግል ላይ ምን ብለን እንፈልግ? የጅማ ልጆች ጥያቄና መልስ

ኢንተርኔት ላይ ስለ መፈለግ ጠይቁኝ። አደራ፣ ምን ጽፋችሁ ምን እንደመጣ ንገሩኝ።

ከኮቺ፦ ጋሼ፣ ጉግል የምፈልገውን አያመጣልኝም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምን ጽፈህ?

ከማና፦ የአባቴ ቡና ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፋል። «ቡናችን ታመመ» ብዬ ብጽፍ የመጣው ቡና መጠጣት ለጤና ስላለው ጥቅም ነው።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! መልሱን የጻፈው ሰው የሚጠቀምበትን ቃል ጻፉ። ስለዚህ በሽታ የሚጽፉት ተመራማሪዎች ናቸው፤ እነሱ «ቡናችን ታመመ» አይሉም። «ኮፊ ቤሪ ዲዚዝ» (coffee berry disease)፣ የቡና ፍሬ በሽታ ነው የሚሉት። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈውና ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባው፤ ሦስቱ ቃላት ሳይነጣጠሉ ይፈለጋሉ። ኢትዮጵያ የሚለውንም ጨምርበት። በምህጻሩ ሲቢዲ (CBD) ብቻ ካልክ ግን ከካናቢስ የሚወጣ ዘይት ይሞላብሃል። በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ከፈለግህ ቡና ከሚለው ጋር 74110 ብለህ ጻፍ። እዚሁ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው።

ከአጋሮ፦ በሽታ አይደለም፣ ዝናቡ ነው። የእኛም ደርቋል።

ከማና፦ ፍሬው ላይ ጥቁር ጎድጓዳ ነጠብጣብ አለ እኮ!

ከአጋሮ፦ የእኛ ዛፉ እንዳለ ነው የደረቀው።

መልስ፦ እንግዲያው የምታወሩት ስለ ሁለት ነገር ነው። የአጋሮው፣ አንተ «ኮፊ ዊልት ዲዚዝ» (coffee wilt disease)፣ ማለትም ዛፉን የሚያደርቀው በሽታ፣ ብለህ ፈልግ። ለግብርና ባለሙያም አሳዩት። ክርክሩ ይብቃ።

ከሄርማታ፦ ስለ ንጉሡ ለቤት ሥራ «ጅማ አባ ጅፋር» ስል ኳስ ብቻ ይመጣል።

መልስ፦ የመጣልሽ በስማቸው የተጠራው የእግር ኳስ ክለብ ነው። የመቀነስ ምልክት አድርጊና ክፍተት ሳትተዪ «ክለብ» ብለሽ ጻፊ፤ ያ ቃል ያለበት ገጽ ይቀርልሻል። «ዳግማዊ» እና ቤተ መንግሥታቸው ያለበትን «ጅሬን» ጨምሪ። አጻጻፉንም ቀያይሪ፦ ጅፋር፣ ጂፋር። በእንግሊዝኛ አባን በአንድ ቢም በሁለት ቢም የሚጽፍ አለ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲን ገጾች ብቻ መፈለግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። በእንግሊዝኛ ሳይት፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ የድረ ገጹን አድራሻ አያይዘህ ጻፍ። ሁለት ነጥቡ የእንግሊዝኛው ይሁን።

ከቦሳ፦ ለዚህ የትኛው ስልክ ይሻላል?

መልስ፦ ሱቅ ጠይቅ።

ከኮቺ፦ ጋሼ፣ የእኔስ? አሁንም አያመጣም።

መልስ፦ ምን ጽፈህ? አልኩህ እኮ!

ከኮቺ፦ «ሥራ»።

መልስ፦ በቃ? የት? ምን ሥራ? ቀጣሪው ማስታወቂያው ላይ የሚያወጣውን ቃል ጻፍ፦ «ክፍት የሥራ ቦታ» ጅማ አካውንቲንግ። ከዚያ የፍለጋ መሣሪያዎች ውስጥ ግባና ያለፈውን ሳምንት ብቻ ምረጥ። የመጣውን ንገረኝ።