የአረንጓዴዋ ፔዳል ጥያቄዎች፦ የቱ ይውጣ፣ የቱ ይቆይ?

ባለፈው ሰሞን ሐዋሳ ቤቴ በረንዳ ላይ ቲዩብ ስክሪመር የምትባለውን፣ የጊታርን ድምፅ የምታሻክር አረንጓዴ የእግር ፔዳል እየሠራሁ እንደሆነ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ደስ ብሎኛል። ጊታር ተጫዋች ድምፁን በገዛ እጁ ሲሠራ ማየት የዘወትር ምኞቴ ነው።

«የቲኤስ 808ን (የቲዩብ ስክሪመሯን) ሰርኪዩት አየሁት፤ ዕቃው በዛብኝ። ድምፁን ሳላበላሽ ምን ልቀንስ?» (ከመናኸሪያ ሰፈር)

ወንድሜ፣ ብዙ ይቀነሳል። አይባኔዝ ይህችን ፔዳል ያወጣት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በእግር ስትረገጥ የሚያበራትና የሚያጠፋት በትራንዚስተሮች የተሠራ ማብሪያ ነው። ብዙ ዕቃ የሚበላውም እሱ ነው። ባለ 9 እግር ስዊች ካገኘህ ያ ሁሉ ይውጣ።

መግቢያውና መውጫው ላይ ደግሞ አንድ አንድ ትራንዚስተር አለ። ሥራቸው ሲግናሉ እንዳይደክም መጠበቅ ነው እንጂ ድምፅ መቀየር አይደለም። የመግቢያውን አውጣው። ጊታሩን በ0.022 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል በቀጥታ ወደ አይሲው (ድምፁን ወደሚያጎላው ባለ 8 እግር ቺፕ) ፒን 3፣ ማለትም ሦስተኛ እግር፣ አስገባ። ከፒን 3 ወደ 4.5 ቮልቱ (የ9 ቮልቱ ግማሽ) መስመር 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አድርግ። የመውጫውም ይውጣና በካፓሲተር በኩል ወደ 100 ኪሎኦም ቮልዩም ይሂድ። ከፔዳሉ በኋላ በጣም ረጅም ኬብል የምትዘረጋ ከሆነ ግን የመውጫውን ተወው።

እንዳትነካ የምለምንህ ልቡን ነው። በፒን 1 እና በፒን 2 መካከል ፊታቸውን ያዟዟሩ ሁለት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎች) አሉ። አብሯቸው 51 ፒኮፋራድ ካፓሲተር፣ እንዲሁም 51 ኪሎኦም ሬዚስተር ከ500 ኪሎኦም ድራይቭ (የማሻከሪያው ማዞሪያ) ጋር ተቀጥሎ አለ። ከፒን 2 ወደ ግራውንድ 4.7 ኪሎኦምና 0.047 ማይክሮፋራድ ይወርዳሉ። ድራይቩ ዜሮ ላይ ሲሆን ሲግናሉ 12 እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ሙሉ ሲከፈት 118 እጥፍ ገደማ። ዳዮዶቹ ጫፉን ይቆርጡታል፤ ንጹሑ የጊታር ድምፅ ግን ከላዩ ተደምሮ አብሮ ይወጣል። ድራይቩ ሞልቶም የጣትህ አመታት የማይጠፋው ለዚህ ነው። የቲዩብ ስክሪመር ውበት እዚህች ጥግ ላይ ነው ያለው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የቶን (የድምፅ ቅላት) ማስተካከያም እንዳለ ተወው።

«የፔዳሏን አይሲ፣ 4558ን፣ ባጣስ?»

መጀመሪያ የሞተ ቴፕ ወይም የካራኦኬ ማጉያ ክፈት፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። ካጣህ ቲኤል 072 ይሆናል፤ የእግሮቹ አቀማመጥ አንድ ነው። ሶኬት በይድና ሰካው፣ ስትፈልግ ትቀይረዋለህ። በቺፑ ስም ብቻ ውድ ዋጋ ለሚጠራ ሰው ገንዘብህን አትስጥ፤ ድምፁን የሚቆርጡት ዳዮዶቹ ናቸው። 1ኤን 4148 ይበቃል። ቀላ ያለች፣ ጥቁር ቀለበት ያላት ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ነች፤ የማትገኝበት አሮጌ ቦርድ ጥቂት ነው።

«ባቲ ስጫወት የወፍራሞቹ ክሮች ድምፅ ይሳሳብኛል።»

አሠራሩ ነው። ከ720 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየወረደ በሄደ ቁጥር ማጉላቱም ይቀንሳል። የ0.047ቱን ካፓሲተር በ0.1 ለውጠው፤ ወሰኑ ወደ 340 ኸርዝ ይወርዳል። እኔ እስከ 0.22 ሞክሬያለሁ። ብቻዬን ስጫወት ወደድኩት፤ ቤዝ ጊታር ሲገባ ግን ተደበላለቀብኝ።

«ልጄ ፔዳሏን ሠርታ ጨርሳለች። የዋይፋዩን አዳፕተር ልስጣት?» (አንድ አባት፣ ከአረብ ሰፈር)

አባቴ፣ እባክዎ አይስጧት። የዋይፋይ አዳፕተር ብዙውን ጊዜ የመሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ የጊታር ፔዳል ደግሞ በተለምዶ የመሃሉ ኔጋቲቭ። ቮልቱም ብዙ ጊዜ 12 ነው። እኔ አንድ ማታ ቸኩዬ ሰካሁት። አይሲውን በጣቴ ስነካው አቃጠለኝ፤ የላስቲክ ሽታ ሸተተኝ፤ ዳግመኛም ድምፅ አልሰጠም። ለአሁኑ 9 ቮልት ባትሪ ይግዙላት። በኋላ ፖዘቲቩ መስመር ላይ አንድ 1ኤን 4001 ዳዮድ ትጨምር፤ ቀለበቱ ያለበት ጫፍ ወደ ሰርኪዩቱ ይሁን። 0.6 ቮልት ገደማ ይቀንስባታል፤ አዳፕተር ተገልብጦ ቢሰካ ግን ዕቃዋ ይተርፋል። ደግሞ እጇን ሳሙልኝ፤ ጎበዝ ልጅ አለችዎት።

«ሁሉንም በየድኩ፤ ጸጥ አለ።»

አትፍታው፣ ለካው። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ግራውንድ ላይ አድርግ። ፒን 8 ላይ 9 ቮልት፣ ፒን 4 ላይ ዜሮ፣ ፒን 1፣ 2፣ 5፣ 6 እና 7 ላይ 4.5 አካባቢ መታየት አለበት። ፒን 3 በ1 ሜጋኦሙ ምክንያት ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ በመርፌ ቴስተር ከሆነማ በጣም ይወርዳል፤ አትደንግጥ። ፒን 1 ወደ 9 ወይም ወደ ዜሮ ከተጠጋ የፒን 2ንና የ1 ሜጋኦሙን ብየዳ በባትሪ መብራት እያበራህ እይ፤ ዙሪያዋ የተሰነጠቀች የምትመስል ነጥብ ካለች እንደገና አሙቃት። ካልሆነ የስምንቱንም ፒን ቁጥር ጻፍልኝ።