ቲኬቱንና ሕጉን ለየብቻ ተከራከሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ እንደገባሁ አነበብኩት። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንዲት አዛውንት ቤት እየሄድሽ ትንከባከቢያለሽ። በአንድ ሳምንት ውስጥ መስተዋትሽ ላይ ሁለት የማቆሚያ ቅጣት ወረቀት (ቲኬት) አገኘሽ፤ አንዱ ያለ ነዋሪ ፈቃድ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመሻል የሚል፣ ሌላው ጊዜያዊ የማቆም ክልከላ ጥሰሻል የሚል። በዚህ ላይ የሰፈሩ ሰዎች የነዋሪ ፈቃዱን እስካሁን ነጻ ወደነበረው ወደሚቀጥለው መንገድ ለማስፋት ስብሰባ ጠርተዋል። «ልክፈልና ልረፍ ወይስ ልከራከር? ምክር ቤት ቀርቤ ብናገርስ የሚሰማኝ አለ?» ብለሻል። እስካሁን ከተሰጡሽ መልሶች ገሚሱ «ክፈይና ተገላገዪ»፣ ገሚሱ «መንገድ የሕዝብ ነው፣ ክሰሻቸው» የሚል ነው። በሁለቱም አልስማማም።

እኔ በዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ምድር ቤት ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ሳቆም ኖሬ፣ ከዚያ ወዲህ ታክሲ እነዳለሁ። በሰበካ ጉባኤያችን አባልነቴም የእሑዱን የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ይዤ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ከፍዬም፣ ተከራክሬም፣ ተሸንፌም ያየሁትን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። በእጅሽ ያለው አንድ ጠብ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው «ይህ ወረቀት በትክክል ተጽፎብኛል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሕጉ እንደ እኔ ላለ ሠራተኛ ፍትሐዊ ነው ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱ የሚሰሙት በተለያየ ቤት ነው፤ የአንዱን ክርክር ይዘሽ ወደ ሌላው ቤት ከገባሽ በሁለቱም ትሸነፊያለሽ። በዲሲ የማቆሚያ ቲኬት በአብዛኛው የሚጽፈው የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ነው። ምልክቱን የሚተክለውና የእንግዳና የጊዜያዊ ክልከላ ፈቃድ የሚሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ክርክሩን የሚሰማው ደግሞ መንጃ ፈቃድ የምታወጪበት የተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉን የሚያወጣው የከተማው ምክር ቤት ነው። ቲኬትሽን የሚያየው ፈራጅ ሕጉን የመለወጥ ሥልጣን ቅንጣት የለውም። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስቀርብ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሌሊት ሥራዬ ተናገርኩ። ፈራጁ በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ምልክቱ በዚያ ቀን እዚያ ነበረ ወይስ አልነበረም?» መልስ አልነበረኝም። ከፈልኩ።

ከሁለቱ ወረቀቶችሽ ተስፋ ያለው ሁለተኛው ነው፤ ጉልበትሽን እዚያ ላይ አውዪ። ቤት የሚለቅ ሰው ወይም መንገድ የሚቆፍር ተቋራጭ የሚያስለጥፈው ያ ጊዜያዊ ምልክት ደንብ አለው። በመኖሪያ መንገድ ላይ ክልከላው ከመጀመሩ ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ መለጠፍ አለበት፤ የክፍያ ሜትር ባለበት መንገድ ደግሞ 24 ሰዓት። አንቺ ማክሰኞ ጠዋት ስታቆሚ ምንም አልነበረም፣ ረቡዕ ስትመለሺ ዛፍ ላይ ታስሮ አየሁት ብለሻል። እንዲህ ከሆነ ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ዛሬውኑ ሂጂና ምልክቱ ካልተነሣ ፎቶ አንሺው፤ ቀኑና ሰዓቱ የሚነበብ፣ የቤቱ ቁጥር ወይም የመንገዱ ስም ከበስተጀርባው የሚታይ ይሁን። ከመንገዱ ነዋሪዎች አንዱ መቼ እንደተለጠፈ ካየ፣ ሁለት መስመር ጽፎ ይፈርምልሽ። አዛውንቷ ራሳቸው በመስኮት የሚያዩ ከሆነ ከእርሳቸው የተሻለ ምስክር የለም። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱንም ለዚያ አድራሻ ፈቃድ መውጣቱንና ምልክቱ መቼ ተለጥፏል ተብሎ እንደተመዘገበ ጠይቂ።

እኔ አንድ ጊዜ ያሸነፍኩት በዚህ መንገድ ነው። አንድ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ምልክቱን ያሰረው ከዋዜማው ምሽት ነበር። ጎረቤቴ የውሻዋን ፎቶ ስታነሣ ያ ዛፍ ባዶውን ከኋላ ይታይ ነበር፤ ፎቶው ላይ ቀንና ሰዓት አለ። ያንን ፎቶና አንዲት ገጽ ደብዳቤ አያይዤ ላክሁ። ቲኬቱ ተሰረዘ። ደብዳቤዬ ውስጥ ስለ ኑሮዬ አንድ ቃል አልነበረም። ይህን የምልሽ ኑሮሽ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ እሱን የምትናገሪበት ቤት ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያው ቲኬት ግን ከባድ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የምታሸንፊው አይመስለኝም። የነዋሪ ፈቃድ ያለበት መንገድ ላይ ምልክቱ የተለየ ነገር ካላለ በስተቀር ደንቡ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 8፡30 ይሠራል። የዞኑ (ፈቃዱ የሚሠራበት አካባቢ) ፈቃድ የሌለው መኪና ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ያቺ ሁለት ሰዓት የተሰጠችው ለዞኑ በሙሉ እንጂ ለአንዲት መንገድ አይደለም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ወጥቶ መኪናውን ወደ ማዶ ማዞር አያድንም። ብዙ እህቶቻችን ይህን እያደረጉ ቅጣቱ ሲደርስባቸው በደል የተፈጸመባቸው ይመስላቸዋል። የተቆጣጣሪው ወረቀት ራሱ እንደ ማስረጃ ስለሚቆጠር፣ የሚያፈርስ ነገር ከሌለሽ ቀኑ ሳያልፍ ክፈይው።

ቀኑ ሳያልፍ ያልኩትን በቀይ ብዕር ጻፊው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀነ ገደብ ካለፈ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። ሁለት ያልተከፈሉ ቲኬቶች ከ60 ቀን በላይ ከቆዩ መኪናሽ ጎማው ላይ ብረት ሊታሰርበት ይችላል። እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ቸልተኝነት ነው፤ ወረቀቱን ከመሪው አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ረሳሁት። የታክሲ ሹፌር ጎማ የታሰረ ዕለት የእንጀራ ገመዱ ታሰረ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ፤ ሁለተኛውን ስትከራከሪ የመጀመሪያው ቲኬት ቀነ ገደብ አይለፍብሽ።

ከመክፈል ይልቅ የሚበልጠው ግን ነገ እንዳይደገም ማድረግ ነው። አዛውንቷ ፈቃድ ባለበት መንገድ ላይ የሚኖሩ ከሆነ በነዋሪነታቸው ለእንግዳ የሚሆን ፈቃድ የማውጣት መብት አላቸው፤ የመኪናሽን ታርጋ አስመዝግበውልሽ ያውቃሉ? ልጆቻቸውን ጠይቂ። ቤት ለቤት ለሚንከባከቡ ሠራተኞች የተዘጋጀ ፈቃድም አለ፤ ስለዚህ አሠሪ ድርጅትሽን ደብዳቤ እንዲጽፍልሽ አስገድጂው። በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራን ሰው ሁለት ሰዓት ብቻ በሚፈቀድበት መንገድ ልኮ ቅጣቱን ከደመወዙ እንዲከፍል መተው ነውር ነው፤ ይህን ለአሠሪሽ በግልጽ ንገሪው።

አሁን «መንገድ የሕዝብ ነው፣ ክሰሻቸው» ወዳሉሽ ወንድሞች ልምጣ። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም፤ ከወንዙ ማዶ ካለችው ከቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ተነሥቶ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ አልቋል። እዚያ ክሪስታል ሲቲ በሚባለው ሰፈር የሚሠሩ ሰዎች መኪናቸውን አጠገቡ ባለው መኖሪያ ሰፈር እያቆሙ ይሄዱ ነበር። የአርሊንግተን አስተዳደር በሥራ ቀናት ያለ ፈቃድ ማቆምን ከለከለ። ሠራተኞቹ ነዋሪና ነዋሪ ያልሆነ መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ከሰሱ፤ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ተስማማላቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 ያንን ሻረው፤ ጫጫታን፣ ጭስንና የመኪና መጨናነቅን ለመቀነስ ሲባል እንዲህ ያለ ልዩነት ማድረግ ይቻላል አለ። ከዚያ ወዲህ ዲሲን ጨምሮ ያለው የነዋሪ ፈቃድ ሁሉ በዚህ ውሳኔ ጥላ ሥር ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ እርሺው።

ተቆጣጣሪ መኪና ስንት ሰዓት እንደቆመ ለማወቅ ጎማ ላይ በኖራ ምልክት ማድረጉ ሕገ ወጥ ነው ያለሽ ሰውም ግማሹን ብቻ ነው የሰማው። ሚሺጋን ውስጥ በሳጊናው ከተማ ላይ በቀረበ ክስ የስድስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ጎማን በኖራ ማስመር እንደ ፍተሻ ይቆጠራል ብሏል። ያ ፍርድ የሚገዛው ሚሺጋንን፣ ኦሃዮን፣ ኬንታኪንና ቴነሲን ነው። የዘጠነኛው ምድብ ደግሞ በ2022 በሳን ዲዬጎ ጉዳይ ተቃራኒውን ወስኗል። ኮሎምበስ ወይም ናሽቪል ያላችሁ ልታነቡት ይገባል፤ ለዲሲ ጉዳይ ግን አይረዳም። ደግሞስ ዛሬ ታርጋ የሚያነብ ካሜራ እያለ ኖራ ማን ይፈልጋል?

ወደ ሁለተኛው ጠብ፣ ወደ ሕጉ ልለፍ። እዚህ ላይ ነው ኑሮሽን የምትናገሪው። ግን መጀመሪያ በር ለዪ። የታክሲ ሹፌሮች ይህን በደንብ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 የታክሲ ዋጋ በተቋረጡ ዞኖች ብዛት ከሚቆጠር ታሪፍ ወደ ሜትር ሲለወጥ ብዙዎቻችን ጮኽን፤ ሥራ ያቆመም ነበር። ውሳኔው በጊዜው የከንቲባው የኤድሪያን ፌንቲ ነበር፤ እኔና ጓደኞቼ ግን ለየምክር ቤት አባላቱ አቤት ስንል ጊዜው አለቀ። ሜትሩ በግንቦት 2008 ጀመረ። የተሳሳተ በር ያንኳኳ ሰው ድምፁ ቢሰማም መልስ አያገኝም።

የአንቺ ጉዳይ በምክር ቤቱ አይጀምርም። ፈቃዱን ወደ ሌላ መንገድ ለማስፋት የዚያ መንገድ ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሆኑ ቤተሰቦችን ፊርማ አሰባስበው ያቀርባሉ፤ የሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽንም ሐሳቡን ይሰጥበታል። እያንዳንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 የሚሆን ነዋሪ ይወክላል፤ ደመወዝ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ጎረቤትሽ ነው። ሥልጣኑ የምክር ቢሆንም መሥሪያ ቤቶቹ ለሐሳቡ «ታላቅ ክብደት» እንዲሰጡ ሕግ ያስገድዳል። ስለዚህ በወር አንዴ ወደሚደረገው ወደዚያ ስብሰባ ሂጂ። ፈቃዱ እንዳይሰፋ ለመጮኽ አትሂጂ። ተንከባካቢዎች እንዳይረሱ፣ የእንግዳ ፈቃድ ማውጣት ለሽማግሌዎች እንዲቀል ጠይቂ። ፊርማ ያሰባሰቡት ሰዎች እናት አላቸው፤ የእናታቸው ተንከባካቢም የሆነ ቦታ መኪና ታቆማለች።

ይህን የምለው ጠብ ሲከርር ምን እንደሚመጣ ስላየሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚሁ ዲሲ በሎጋን ሰርክል አካባቢ ያሉ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን እሑድ እሑድ መንገድ ላይ በድርብ፣ ማለትም በቆሙ መኪናዎች ጎን፣ ያቆሙ ነበር። ለዓመታት የነካቸው አልነበረም። አዲስ የመጡ ነዋሪዎች መኪናችን ታፍኖ መውጣት አልቻልንም አሉ፤ ምእመናኑ ደግሞ እኛ ከእናንተ በፊት እዚህ ነበርን አሉ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ከተማው ሕጉን አስከብራለሁ ሲል ያ ሁሉ የልማድ ዘመን እንደ መብት አልተቆጠረም። በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ደጅ ይኸው ጉዳይ ስላለ፣ ከጎረቤት ጋር ቀድሞ መነጋገርን ከዚያ ተምሬአለሁ።

ስለ ተንከባካቢዎች አጠቃላይ ሕግ እንዲወጣ ከፈለግሽ ግን በሩ ምክር ቤቱ ነው። አሥራ ሦስት አባላት አሉት፤ ስምንቱ ከየዋርዱ (የምርጫ ክፍለ ከተማው)፣ ሊቀ መንበሩን ጨምሮ አምስቱ በመላው ከተማ ይመረጣሉ። ረቂቅ ሕግ በኮሚቴ ታይቶ፣ የሕዝብ አስተያየት ተሰምቶበት፣ ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ከዚያ ወደ ከንቲባው፣ ቀጥሎም ወደ ኮንግረስ ይሄዳል። ረጅም ነው፤ ግን ሕግ ይለወጣል። ከ100 ዶላር በላይ የከተማ ዕዳ ያለበት ሰው መንጃ ፈቃዱን ማሳደስ አይችልም ነበር፤ ስንት ሹፌር በዚያ ከሥራ ወጣ። በ2022 ፍርድ ቤት ለጊዜው አገደው፤ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱም ሕጉን ለማሻሻል ድምፅ ሰጠ።

ለአስተያየት አስቀድመሽ ትመዘገቢያለሽ። ለግለሰብ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛዬ ይበቃል አትበዪ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ስላለ፣ በዲሲ አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከኮሪያኛና ከቬትናምኛ ጋር አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ከቀኖች በፊት ጠይቂ፤ ለቲኬቱ ክርክርም እንዲሁ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት «ልጅህ ታስተርጉምልህ» ብሎኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ፊት ስለ ዕዳዬ ተናግሬአለሁ። ያን ቀን አልረሳውም። አንቺ እንዳትቀበዪ።

ንግግርሽን በአማርኛ ጻፊው፤ ጮክ ብለሽ እያነበብሽ በሰዓት ለኪው። ስትጀምሪ ስምሽንና የምትሠሪበትን ዋርድ ተናገሪ፤ ቀጥለሽ ያን ማክሰኞ ብቻ ተርኪ፦ ስንት ሰዓት ገባሽ፣ ለአዛውንቷ ምን አደረግሽ፣ ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ እርሳቸው ምን ላይ ነበሩ፣ ለምን ጥለሻቸው መውጣት አልቻልሽም። በመጨረሻ የምትጠይቂውን አንድ ነገር ጥቀሺ፤ ሁለት አይሁን። ጽሑፉን በተጨማሪ በጽሑፍ አስገቢው፤ በመዝገብ ይቀመጣል።

የቲኬቶቹን ፎቶ ታርጋሽን ሸፍነሽ በውስጥ መልእክት ላኪልኝ። ስለ ምልክቱ የምትጽፊውን ደብዳቤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እናየዋለን፤ ቀነ ገደቡ ከእሑድ በፊት ከሆነ ግን ዛሬ ማታ ደውዪልኝ።