ሌዮሌን እየጠጣ የሚያድገው ቆስጣ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከቤታችን ትንሽ ዝቅ ብሎ የሌዮሌን ወንዝ በሞተር እየሳቡ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ ዋጋው ስለሚረክስ ለልጆቼ የምገዛው ከእነርሱ ነው። ወንዙ አንዳንድ ቀን ጠቁሮና አረፋ ደፍቶ ይወርዳል፤ በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ጠርቶ ይውላል። ጎረቤቶቼ «ውኃው በጠራበት ቀን የተቆረጠውን ግዢ፤ በደንብ ከቀቀልሽው ደግሞ ምንም አይልም» ይሉኛል። ለመሆኑ ከፋብሪካ የሚወጣ ኬሚካል በማፍላት ይጠፋል? ልጆቼንስ ምን ያደርጋቸዋል?
አንዲት እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የጎረቤቶችዎ ምክር ለጀርም ይሠራል፣ ለብረት ግን አይሠራም። ሌዮሌም ሆነ እርሱ የሚገባበት፣ የደሴን ከተማ አቋርጦ የሚወርደው ቦርከና በከተማ ውስጥ የሚያልፉ ወንዞች በመሆናቸው፣ በእነዚህ ወንዞች በለማ አትክልት ላይ የወስፋት እንቁላልና ተቅማጥ የሚያስከትሉ ተሕዋስያን መኖራቸው አይቀርም፤ እነዚህን እሳት ይገድላቸዋል። ስለዚህ ከዚያ የመጣ ሰላጣ በጥሬው ባይበላ ይመረጣል። ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የሚመጡት ክሮሚየም፣ ዚንክና እርሳስ የተባሉት ብረቶች ግን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ስላልሆኑ የሚሞቱበት ሙቀት የለም። ሁለት ሊትር ውኃ ጥደው አንድ ሊትር እስኪቀር ቢያፈሉት፣ በእንፋሎት የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፤ ብረቱ ድስቱ ውስጥ ስለሚቀር በቀሪው ሊትር ያለው መጠን እጥፍ ይሆናል። እንደ ውኃ አጋር ያለ ክሎሪንም የተሠራው ለጀርም ነው።

የወንዙ መጥራትም ዋስትና አይሆንም። አረፋውንና ጥቁረቱን የሚያመጡት በአብዛኛው ማቅለሚያ፣ ሳሙናና የሚበሰብስ ቆሻሻ ሲሆኑ፣ የሟሟ ክሮሚየም በሊትር ሁለት ሦስት ሚሊ ግራም ቢኖር ዓይን አይለየውም። ደግሞም ዛሬ የተቆረጠው ቆስጣ የዛሬውን ውኃ ብቻ ሳይሆን የብዙ ሳምንታቱን የጠጣ ነው።

ስለ ሌዮሌ በግምት መናገር የማያስፈልገው፣ ወንዙ የተጠና በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽና በወንዞቹ ላይ ናሙና ተወስዶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ከቆዳ ፋብሪካ በሚወጣው ፍሳሽ ውስጥ የተገኘው የክሮሚየም መካከለኛ መጠን በሊትር 26.6 ሚሊ ግራም፣ ከብረት ማቀነባበሪያ በሚወጣው ውስጥ ያለው ዚንክ ደግሞ 155.75 ሚሊ ግራም ነበር፤ ሁለቱም የአገራችንን የልቀት ገደብ በእጅጉ ያልፋሉ። ከቆዳ ፋብሪካው ወዲያው ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የተለካው ክሮሚየም በሊትር 2.66 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ይህም ከላይኛው የወንዙ ክፍል 52 እጥፍ ነው። ለመስኖ ውኃ የሚመከረው ጣሪያ 0.1 ሚሊ ግራም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ደግሞ 0.05 ሚሊ ግራም ነው። የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅና የሥጋ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በብረት ረገድ ከገደቡ አላለፈም። ይህን የምጠቅሰው «ፋብሪካ» ተብሎ ሁሉም በአንድ ላይ ሲወቀስ ስለምሰማ ነው። እርግጥ ወንዙ ወደ ቦርከና እየወረደ ሲሄድ ይቀጥናል፤ ልኬቱም የዚያን ጊዜውን እንጂ የዛሬውን አይነግረንም።

ክሮሚየም ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣበት ምክንያት ቀላል ነው። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ሰልፌት ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ሲሦ ያህሉ ቆዳው ላይ ሳይዝ ከውኃው ጋር ይወጣል። ይህ ፍሳሽ ለብቻው ተይዞ በኖራ ቢታከም ክሮሚየሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይረጋል። ይህን ያህል የታወቀና ርካሽ ዘዴ እያለ ወንዙ ዳር የምትኖር እናት እንዲህ መጨነቋ፣ በበኩሌ፣ ያሳዝነኛል።

ወደ ልጆችዎ ስመለስ፣ ከማልፊያው የሚወጣው ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሰውነት ብዙም አይቀበለውም፤ ዕፀዋትም ቢሆኑ አብዛኛውን በሥሮቻቸው ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ለካንሰር የሚዳርገው፣ በተለይም በትንፋሽ ሲገባ፣ ክሮሚየም ስድስት ነው። ሦስቱ ወደ ስድስት የሚለወጠው ማንጋኒዝ ባለበት አፈር ውስጥ፣ እንዲሁም በእሳት ነው፤ ስለዚህ የፋብሪካ ቆዳ ቁርጥራጭ በምድጃ ፈጽሞ አይማገድ። ለሕፃናት አእምሮ የበለጠ የሚያሰጋው እርሳስ ሲሆን፣ በጥናቱ ከቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ውስጥ በርከት ብሎ ቢገኝም ከልቀት ገደቡ አላለፈም።

አንድ እስር ቆስጣ በነጭ ሳፋ አጥበው ውኃውን ሳያፈሱ ትንሽ ቢያቆዩት፣ ከታች ደለል ተኝቶ ያገኛሉ። ብረት በብዛት ተጣብቆ የሚጓዘው በዚህ ደቃቅ ጭቃ ላይ ስለሆነ፣ ቅጠሉን ከግንዱ ነጥለው፣ ጭቃ የሚደበቅበትን የግንዱን ቦይ በጣትዎ እያሹ፣ ሳፋው ንጹሕ እስኪሆን ውኃ ይለዋውጡ። ካሮቱን ይላጡት። ከዚያ ማሳ መግዛት ግድ ከሆነ ቲማቲምና ቃሪያ ይሻላሉ፤ ወንዙ በሚቀንስበት በበጋ ደግሞ ቅጠላ ቅጠሉን ከሌላ ቦታ ቢገዙ እመርጣለሁ። አቤቱታ ማቅረብ ቢፈልጉ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የግል ጥቅምዎ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልግዎ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት እንደሚችሉ ይደነግጋል።

ጥያቄ፦ ደሴ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ በመውረድ የወንዙን ክሮሚየም ለመለካት አስባለሁ። በትምህርት ቤታችን ያለው የፒኤች ወረቀት ብቻ ነው፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ወረቀቱ ስለ አሲድነት እንጂ ስለ ብረት አይናገርም። ዳይፌኒል ካርባዛይድ የተባለውን ኬሚካል ካገኙ፣ አሲድ በተጨመረበት ናሙና ላይ ሐምራዊ ቀለም ሲያወጣ ክሮሚየም ስድስት መኖሩን ያሳያል፤ ቀለም አለማውጣቱ ግን ክሮሚየም ሦስት የለም ማለት አይደለም። ጠቅላላው የሚለካው በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ፍሳሽ ቀኑን ሙሉ እኩል ስለማይለቀቅ በተለያየ ሰዓትና ቀን፣ ከፋብሪካዎቹ በላይም በታችም ይቅዱ። ከየቦታው ሁለት ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ ለጠቅላላው ልኬት የሚሆነው ላይ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ይጨመራል፤ ሁለተኛው ግን ያለ አሲድ በበረዶ ተይዞ በዚያው ዕለት መለካት አለበት፤ አሲዱ በመንገድ ላይ ክሮሚየም ስድስትን ወደ ሦስት ሊለውጥብዎት ይችላልና።