ማርቆስ ላይ ውሃ ስንት ይጨመራል?

«ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ከተዛወርኩ ወዲህ ሩዙ ጥሬ ይሆንብኛል፣ ዳቦው ይሰነጠቃል፣ እንጀራውም ዓይን አላወጣ አለኝ። ስንት ስንት ውሃ ልጨምር?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔም የምጋግረው እዚሁ ማርቆስ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ከፍታውን እንጨርሰው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ማርቆስ ከ2,400 ያልፋል። እዚያ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ የነበረው ውሃ እዚህ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን እህሉ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ድስቱ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ደግሞ ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል። ሩዝሽ ጥሬ የሚሆነው ሳይበስል ውሃው ቀድሞት ስለሚያልቅ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ኩባያ ሩዝ በሁለት ኩባያ ውሃ ጀምሪ። ክዳኑ ግጥም ይበል፣ እሳቱን ቀንሺ። አጠገብሽ ፔርሙስ ሙቅ ውሃ ይኑርሽና ካነሰው ሩብ ኩባያ ጣል አድርጊበት። ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሪ፣ መፍላቱን ያቋርጠዋል። ሽምብራና ባቄላ ከሆነ ማታውኑ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ሽሮ ላይ አትጨነቂ፤ ሲወፍር ውሃ ጠብ ማድረግ ነው።

ዳቦው ላይ ግን ከከፍታው ይልቅ ዱቄቱን እጠረጥራለሁ። ስንዴውን ራስሽ ለቅመሽ ካስፈጨሽው ፉርሽካው ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ለ1 ኪሎ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል። የሱቁ ነጭ ዱቄት 600 አካባቢ ይበቃዋል። ዩቲዩብ ላይ «ሁለት ኩባያ ውሃ» ይሉሻል፤ የማን ኩባያ እንደሆነ እንጃ! ዱቄቱም ቢሆን በየወቅቱ ይለያያል። በጋ ላይ ደርቆ የከረመ ዱቄት ውሃ ይፈልጋል፣ ክረምት ላይ እርጥበት ስለሚስብ ያንኑ ያህል አይወስድም። ከወፍጮ ቤት ትኩሱን ያመጣሽውን ደግሞ አቀዝቅዘሽ አቡኪው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከውሃው አንድ ኩባያ ያህል አስቀርቼ አቦካለሁ። ከዚያ ሸፍኜ ሃያ ደቂቃ እተወዋለሁ፣ ምክንያቱም ፉርሽካው ውሃውን የሚስበው ቀስ ብሎ ነው። ተመልሼ በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። ጣቴን ትንሽ ያዝ አድርጎ ከለቀቀኝ በቃ። ዳር ዳሩ ከተሰነጠቀ እጄን ያስቀረሁት ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ደጋግሜ አሸዋለሁ። አንዴ ከቀጠነ ግን ዱቄት መጨመር ሊመጣ ነው፣ ጨውም እርሾም ልኩን ይስታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባል የለ። ድፎ ከሆነ በኮባ ጠቅልይው፤ ኮባው እርጥበቱን ይይዝለታል።

አሁን ወደ እንጀራው። እዚህ ብርድ ነው። ባሕር ዳር በሁለት ቀን የሚደርስልሽ ሊጥ እዚህ ሦስተኛ ቀን ሊፈልግ ይችላል። ሳይደርስ ጋግረሽው እንደሆነ ውሃ ብትጨምሪም ብትቀንሺም ዓይን አያወጣም። ሲደርስ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ቀስ ብለሽ ቅጂው፣ ለእርሾ የምታስቀሪውን አስቀሪ። ከዚያ አብሲት ጣይ። ከሊጡ አንድ ሁለት ጭልፋ ወስደሽ በጥቂት ውሃ በጥብጪና እያማሰልሽ የፈላ ውሃ ላይ ጨምሪው። እንደ አጥሚት ሲሆን አውርጂው። ለብ ሳይል ሊጡ ላይ አትገልብጪው፣ ትኩሱ እርሾውን ይገድለዋል። እዚህ ቦታ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው።

ኩፍ ካለ በኋላ ነው ውሃ የሚመጠነው። ቡሃቃው ላይ ከጭልፋው አፍስሺና እዪው። ሳይቆራረጥ ከወረደ ልክ ነው። ቢሆንም አንዲት እንጎቻ ጋግረሽ ሞክሪ። ምጣዱ በደንብ ግሎም ዓይኑ ከደፈነ ሊጡ ወፍሯል፣ ለብ ያለ ውሃ ጨምሪ። ሲነሳ የሚቀደድ ከሆነ ቀጥኗል፤ ትንሽ አስቀምጠሽ የጠለለውን ቅጂለት።

ኬክ የምትሞክሪ ከሆነ፣ የውጭ አገር አሠራር የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለቆላ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሺ፣ ለአንድ ኩባያ ፈሳሽ ከዚያው ፈሳሽ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ።

ጤፉን ብቻውን ነው ወይስ ከበቆሎ ጋር ያስፈጨሽው? እሱን ጻፊልኝ። በቆሎ ካለበት እንጀራው ቶሎ ስለሚደርቅ አብሲቱን ትንሽ አብዢው።