ማራኒቶን ቤታችሁ ለመጋገር ለምትሹ

በቴክሳስ ወይም በካሊፎርኒያ የምትኖሩ ወገኖች፣ በሜክሲኮ አሜሪካውያን ዳቦ ቤቶች መስታወት ውስጥ ወፈር ያለና ቡናማ፣ የአሳማ ቅርጽ ያለው ብስኩት ሳታዩ አልቀራችሁም። ማራኒቶ ወይም ኮቺኒቶ ይሉታል፤ ሁለቱም «ትንሽ አሳማ» ማለት ነው። ብዙዎቻችን ቅርጹን አይተን እናልፈዋለን፤ ይሁን እንጂ መጠየቅ ያለብን ስለ ቅርጹ ሳይሆን ስለ ስቡ ነው፤ በቀድሞው አሠራር ሊጡ የሚለወሰው ማንቴካ በሚሉት የአሳማ ስብ ነውና። ቤት ውስጥ እንድትጋግሩት የምመክረውም ስለዚህ ነው፤ በቅቤ ቢሠራም ይጣፍጣል።

ሜክሲኮ ውስጥ የሚጣፈጠው ፒሎንሲዮ በሚባል፣ እንደ ሾጣጣ ቆብ ተቀርጾ በሚሸጥ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሞላሰስ ይተካዋል። ሞላሰስ ሲባል እኛ የምናስበው ከወንጂና ከመተሐራ ፋብሪካዎች የሚወጣውን፣ ለከብት መኖና ለአልኮል የሚውለውን ነው። ብላክስትራፕ የሚል የተጻፈበት ጠርሙስ ከዚያ ጋር የሚመሳሰልና መራራ ስለሆነ አትግዙት። እኔ ይህን ባለማወቄ የመጀመሪያውን ትሪ አበላሽቻለሁ፤ ልጆቼ አንድ አንድ ጊዜ ነክሰው መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት።

ለ500 ግራም የፉርኖ ዱቄት 250 ግራም ሞላሰስ፣ 100 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 115 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 1 እንቁላል፣ 60 ሚሊ ሊትር ወተት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዝንጅብልና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ሶዳውን የሚያስነሣው የሞላሰሱ ኮምጣጣነት ስለሆነ በቤኪንግ ፓውደር አትተኩት። ቀረፋውን ከሜክሲኮ ሱቅ «ካኔላ» ብላችሁ ብትገዙ በእጅ የሚፈረፈር፣ ለስለስ ያለ ታገኛላችሁ። ኮረሪማ የሚጨምሩ ወዳጆች አሉኝ፤ ቀረፋውን ይውጠዋልና እኔ አልስማማም።

ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ይህን አይታችሁ ዱቄት አትጨምሩበት፣ ይልቅስ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው ዳምጣችሁ፣ ቅርጽ አውጥታችሁ፣ በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጋግሩት። ጠርዙ ጠንከር ብሎ መሐሉ በጣት ሲነካ ገና ጎድጎድ የሚል ከሆነ አውጡት፤ የቀረውን የትሪው ሙቀት ያበስለዋል።

በጾም ወራት ቅቤውን በረጋ የአትክልት ቅባት፣ እንቁላሉንና ወተቱን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ መተካት ይቻላል። የጾሙ ሊጥ እንቁላል ስለሌለው ቶሎ ይሰነጠቃልና ወፈር አድርጋችሁ ዳምጡት።