ኪሎ ሜትር መቁጠሩ ይብቃችሁ

ልጆቼ፣ ሱሉልታ መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት ተሰልፋችሁ ብስክሌት ስትነዱ ሳያችሁ ደስ ይለኛል። ስትመለሱ ግን የምትጠያየቁት ሁሌም አንድ ነው፤ «ዛሬ ስንት ነዳህ?» መቶ ያለ ይከበራል፣ አርባ ያለ አንገቱን ይደፋል። ለጎዳና ውድድር ክፋት የለውም። ክረምቱ ሲወጣ ሳይክሎክሮስን፣ ማለትም ሣርና ጭቃ ላይ የሚደረገውን የብስክሌት ውድድር፣ መሞከር ለምትፈልጉት ግን ከሐምሌ ጀምሮ ልምምዳችሁ መልኩን ካልቀየረ ልፋታችሁ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ይህ ውድድር አጭር ነው። አውሮፓ ውስጥ ከመስከረም እስከ የካቲት ባለው ብርድና ጭቃ ይካሄዳል፤ ምርጥ የሚባሉት ወንዶች አንድ ሰዓት ያህል፣ ሴቶቹ ወደ 50 ደቂቃ ይወዳደራሉ። ዙሩ ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያች ዙር ውስጥ ሣር አለ፣ ጠባብ መታጠፊያ አለ፣ ብስክሌት ተሸክመው የሚሮጡበት ዳገት አለ፣ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የሳንቃ መሰናክል አለ። አራት ሰዓት በአንድ ፍጥነት የነዳ ሰው ልቡ ጠንካራ ነው፤ እግሩ ግን በየመታጠፊያው ቁም፣ ተነስ፣ ቁም፣ ተነስ ሲባል ይከዳዋል። ጅማሬውም ጭንቅ ነው። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ከኋላ ሆኖ የደረሰ ሰው ወረፋ ጠባቂ ይሆናል።

ስለዚህ ሰዓቱን ቀንሱ፣ ጥንካሬውን ጨምሩ። በሳምንት ሁለት ከባድ ቀን ይበቃል፤ ሦስተኛውን የሚጨምር ልጅ ነሐሴ ላይ ደክሞ አየዋለሁ። አንዱን ቀን ሰውነታችሁን በደንብ ካሟሟቃችሁ በኋላ ሣር ላይ 30 ሰከንድ በሙሉ ኃይል ትነዳላችሁ፣ ታርፋላችሁ፣ ትደግማላችሁ፤ እስከ አሥር ጊዜ። ሌላውን ቀን አንድ እግር መሬት ረግጦ ከቆመበት መነሳትን ትለማመዳላችሁ። እሑድ ረዥሙን መንገድ አልከለክልም፣ ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል አይለፍ።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከኢንተርኔት የምታወርዱት የፈረንጅ ፕሮግራም 30 ሰከንድ ሥራ፣ 30 ሰከንድ እረፍት ይላል። ያንን የጻፈው ሰው የሚኖረው ከባሕር ጠለል ብዙም ሳይርቅ ነው። ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል፣ ትንፋሽም ቶሎ አይመለስም። እረፍቱን ደቂቃ ወይም ደቂቃ ተኩል አድርጉት። ሰባተኛው ዙር ከመጀመሪያው በግልጽ ከዘገየ ስምንተኛውን ትታችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ድካም ማጠራቀም ልምምድ አይደለም።

አሁን ወደምትንቁት ነገር ልምጣ፤ እየነዱ ከብስክሌቱ መውረድና መልሶ መውጣት። ሳንቃ የለንም፣ ስለዚህ የባሕር ዛፍ እንጨት ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሙ። መጀመሪያ በእርምጃ ፍጥነት ነው፤ እዚህ ጋ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቀኝ እግራችሁን ከፔዳሉ አውጥታችሁ በኮርቻው ኋላ ወደ ግራ አሻግሩ፤ ግራ እጅ መሪው ላይ፣ ቀኝ እጅ የላይኛው ብረት ላይ። ግራ እግር ፔዳሉን የሚለቀው መጨረሻ ላይ ነው። ሁልጊዜ በግራ በኩል የምትወርዱት ሰንሰለቱ በቀኝ ስለሆነ ነው። ብስክሌቱን አንስታችሁ እንጨቱን ተሻገሩና ቀስ ብላችሁ አሳርፉት፤ ከወረወራችሁት ሰንሰለቱ ይወልቃል። ስትወጡ በቀኝ ጭናችሁ የውስጥ በኩል ኮርቻው ላይ አርፋችሁ ተንሸራተቱ። ዘላችሁ መሃል ለመሃል የተቀመጣችሁ እንደሆነ ሁለተኛ የሚነግራችሁ ሰው አያስፈልግም። ዳገት ላይ ደግሞ ብስክሌቱን ቀኝ ትከሻ ላይ አድርጉ፤ ቀኝ እጃችሁን በታችኛው ብረት ሥር አሳልፋችሁ የመሪውን ግራ ጫፍ ያዙ፣ ግራ እጃችሁ ለሩጫ ነፃ ይሆናል።

ሩጫውን በጥቂት ደቂቃ ጀምሩ። የብስክሌት ሰው ሳንባ ከሯጭ ባያንስም ባቱና የተረከዙ ጅማት ሩጫ አያውቁም።

ጎማ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ እንደ ድንጋይ አታስነፉ። በዓለም አቀፉ ሕግ የጎማው ስፋት ከ33 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ጭቃ ላይ የሚይዘው ደግሞ አየሩ ሲቀንስ ነው። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ግን በጣም ከላላ ድንጋይ ሲያገኝ ቸርኬው ይነክሰዋል፤ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። የጎዳና ብስክሌት ይዛችሁ መረሬ አፈር ውስጥ የገባችሁ እንደሆነ ጭቃው ፍሬኑ ሥር ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። አውሮፓ ውስጥ መለዋወጫ ብስክሌት ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ እኛ ያለን ጭራሮና አንድ ጠርሙስ ውኃ ነው። ማውንቴን ብስክሌት ያለው ልጅ በእሱ ይለማመድ።

ፍልሰታን የምትጾሙ ከባዱን ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ በልታችሁና እህሉ ረጋ ካለላችሁ በኋላ አድርጉት፤ ጠዋት የመውረድና የመውጣቱን ሥራ ሥሩ። ደግሞ የሰው ሣር አትርገጡ። ያ ለምለም መስክ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ታጭዶ ድርቆሽ የሚሆን የአንድ ቤተሰብ ገቢ ነው። ባለቤቱን ጠይቁ፤ የታጨደ ወይም የተጋጠ ቦታ አያጣም።

የጎዳና አሰልጣኞቻችሁ «ይሄ ነገር ጽናታችሁን ይገድለዋል» ሊሏችሁ ይችላሉ። የሆላንዱ ብስክሌተኛ ማቲው ቫን ደር ፖል እ.ኤ.አ. በ2023 የካቲት ላይ የሳይክሎክሮስ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የጎዳና የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የእሱ እግር የላችሁም፤ የሁለቱ ውድድር ልምምድ ግን እርስ በርሱ እንደማይጣላ ያሳያል።

ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ባለው ሳምንት የምትነዱበትን ሰዓት በግማሽ ቀንሱ፤ አጫጭሮቹን ፍጥነቶች ግን ጨርሶ አትተዉ፣ ሦስት አራት ብቻ። አዲስ ጎማም አዲስ ጫማም በዚያ ሳምንት አይሞከርም።