«ልብህ ደክሟል» ተብዬ ልብ የሚያዘገይ መድኃኒት ለምን ታዘዘልኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 58 ነው። ደም ግፊት ካለብኝ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ አምሎዲፒን ነበር የምወስደው። በቅርቡ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር፣ እግሬም አበጠ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስነሳ «ልብህ ደክሟል፣ ደም የመርጨት አቅሙ 30 በመቶ ነው» ተባልኩ። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ካርቬዲሎል 3.125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ታዘዘልኝ። ወረቀቱን ሳነበው የልብ ምት ይቀንሳል ይላል። የደከመ ልብን ጭራሽ ማዘግየት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ከጀመርኩ ደግሞ 10 ቀኔ ነው፣ ከበፊቱ የባሰ ዝሎኛል። ባቆመውስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ካዘዘልዎ ሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ እንዳያቆሙት።

ጥያቄዎ ግን የዋዛ አይደለም። የሕክምና መጻሕፍትም ለብዙ ዓመታት ልክ እንደ እርስዎ ነበር የሚያስቡት።

ልብ ሲደክም ሰውነት ዝም ብሎ አያይም፤ አድሬናሊንና መሰሎቹን፣ ልብን የሚያፋጥኑ ሆርሞኖችን፣ ይለቅበታል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ደም ስሮች ይጠባሉ። ለአጭር ጊዜ ይህ ነፍስ ያድናል። ወር ሲያልፈው፣ ዓመት ሲያልፈው ግን ነገሩ የደከመን በሬ በጅራፍ እንደ ማረስ ነው። በሬው ይሄዳል፣ ትልሙም ይወጣል። በሬው ግን እያለቀ ነው።

ካርቬዲሎል «ቤታ ብሎከር» ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ቤታ ብሎከር የሚይዘው ጅራፉን ነው። አድሬናሊን ልብ ላይ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ይዘጋል። ምቱ ሲረጋጋ ልብ በሁለት ምት መካከል በደንብ በደም ይሞላል፤ የራሱ ጡንቻም ደም የሚያገኘው በዋናነት በዚያች እረፍት ነው። በወራት ውስጥ የብዙ ሰው የመርጨት አቅም ከፍ ይላል። (30 በመቶ ሲባሉ «ከልቤ የቀረችኝ 30 ብቻ ናት» ብለው ካሰቡ፣ እንደዚያ አይደለም። ጤነኛ ልብም የያዘውን ደም ሁሉ አይረጭም፤ 55 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው።)

የመጀመሪያዎቹን ቤታ ብሎከሮች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስገኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ነው። በ1988 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎቹም አንዱ ይኸው ነው። ያኔ ልቡ ለደከመ ሰው መስጠት ክልክል ነበር። በ1975 ግን ስዊድን ውስጥ ሐኪሙ ፊን ቫግስታይንና ባልደረቦቹ ለ7 ሕሙማን ሰጥተው መሻሻላቸውን ጻፉ። ሐኪሙ ሁሉ እስኪያምን ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1999 ከ2,600 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የቢሶፕሮሎል (ሌላው ቤታ ብሎከር) ጥናት ወጣ። የማስመሰያ (መድኃኒት የሌለበት) ክኒን ከወሰዱት ከመቶ ወደ 17 ሰው ሞተ፤ ቢሶፕሮሎል ከወሰዱት ደግሞ ወደ 12። ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ለደም ግፊት ብቻ ከሆነ ቤታ ብሎከር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ምርጫችን አይደለም። ስትሮክን በመከላከል ከሌሎቹ የግፊት መድኃኒቶች ያንሳል፣ በተለይ አቴኖሎል። ግፊቱ ላይ እንደ እርስዎ የልብ ድካም ሲጨመር ግን ከኋላ ወንበር ተነስቶ ፊት ይቀመጣል። ያውም ሁሉም አይደለም። ለልብ ድካም በደንብ የተመሰከረላቸው ካርቬዲሎል፣ ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ናቸው። ስለዚህ «ያው ቤታ ብሎከር ነው» ብለው ከሰው አቴኖሎል ተቀብለው እንዳይውጡ።

ወደ ድካምዎ ልምጣ። በጅራፍ የለመደ ልብ ጅራፉ ሲቀር መጀመሪያ ይዝላል። ለዚህ ነው ከትንሿ መጠን የተጀመረልዎ። ከተስማማዎ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ በእጥፍ እየጨመረ እስከ 25 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ይደርሳል፤ ክብደታቸው ከ85 ኪሎ በላይ ለሆነ እስከ 50። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዛል የሚጠበቅ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይለቃል። ካርቬዲሎልን ከምግብ ጋር ይውሰዱት፣ ማዞሩን ይቀንሳል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ዘልለው አይቁሙ። ጠርዙ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ እግርዎን ያወዛውዙ፣ ከዚያ ይነሱ።

ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ። ከዚያ አረፍ ብለው ሁለት ጣትዎን ከአውራ ጣትዎ በታች የእጅ አንጓዎ ላይ ያሳርፉና አንድ ደቂቃ ሙሉ ምትዎን ይቁጠሩ። ሁለቱንም ይጻፉ። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ፣ ምትዎ ከ50 በታች ወርዶ ካዞረዎ፣ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለሐኪምዎ ያሳውቁ። ራስዎን ከሳቱ ወይም ደረትዎ ሲር ሲር እያለ መተንፈስ ካቃተዎ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። በነገራችን ላይ አምሎዲፒንም በራሱ እግር ያሳብጣል። ይህንን ለሐኪምዎ ያንሱለት።

ድንገት ማቆም ለምን ያስፈራል? መድኃኒቱ ተቀባዮችን ሲዘጋ ልብ ሌሎች ተጨማሪ ተቀባዮችን ያወጣል። ክኒኑ አንድ ቀን ብን ብሎ ሲጠፋ አድሬናሊኑ በእነዚያ ሁሉ ላይ ይወርዳል። ምት ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ የልብ ደም ስሩ የጠበበ ሰው ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ማቆም ካስፈለገም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው። አንድ ጊዜ ከረሱ የሚቀጥለውን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ለማካካስ ሁለት አይዋጡ።

አስም ካለብዎና ለሐኪሙ ካልነገሩት ዛሬውኑ ይንገሩት፤ ካርቬዲሎል ለአስም አይሆንም። ስኳር ካለብዎና ስኳርዎ ከወረደ፣ የለመዱት መንቀጥቀጥና የልብ መምታት ላይሰማዎ ይችላል። ማላቡ ግን አይቀርም፣ እሱን ይመኑ። ለወገብና ለጉልበት እያሉ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መዋጥም ይቅር፤ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ።

ወንዶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የበሩን እጀታ ከያዙ በኋላ ዞር ብለው የሚጠይቁት አለ። አዎ፣ ቤታ ብሎከር የወሲብ አቅምን ሊቀንስ ይችላል። ግፊቱና የልብ ድካሙም እንዲሁ ሊቀንሱት ይችላሉ፤ መፍትሔም አለው። ይህን አፍረው ክኒኑን በድብቅ ከሚተዉት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ገና ሲቀመጡ ይናገሩት። ክብደትዎንና ምትዎን የጻፉበትን ወረቀትም ይዘው ይሂዱ፤ መጠኑ ይጨመር አይጨመር የሚወሰነው እሱን አይቶ ነው።